ተረት፣ ታሪክና ፍትሕ የጎደለው ሕግ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ለልጆች ተረትና ታሪክ የሚነግሩ ወላጆችና መምህራን ብዙ ጊዜ የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ።

ፍትሕ የጎደለው ሕግ ሲባል ምን ማለት ነው? ሕግ ሁሉ ፍትሕ አይደለም እንዴ?

አይደለም። ሕግ ሥልጣን ያለው አካል ያወጣው ደንብ ነው፤ ፍትሕ ደግሞ ለእያንዳንዱ የሚገባውን መስጠት ነው። ብዙ ጊዜ አብረው ይሄዳሉ፤ የሚለያዩበት ጊዜ ግን አለ። ፍትሐ ነገሥት ሰው ሁሉ በተፈጥሮው ነጻ እንደሆነ ይናገራል፤ ወዲያው ግን ጦርነትና የፈረስ ጉልበት አንዱን ለሌላው እንዳስገዛው ያስረዳና የባሪያን ነገር በደንብ ይዘረዝራል። እውነቱ ታውቆም ሕጉ በሌላ መንገድ ለብዙ ዘመን ሄደ። በአገራችን ባርነት በሕግ የተከለከለው በ1934 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ነው።

ለልጅ ሲያስረዱ ትርጉም ከማስሸምደድ ሦስት ነገር እንዲጠይቅ ያስለምዱት፦ ሕጉን ያወጣው ማን ነው? የሚጎዳው ማንን ነው? ያወጡት ሰዎች ራሳቸው ይተዳደሩበታል ወይ?

ይህን የመሰለ ከባድ ነገር ለልጅ በተረት መንገር ለምን ያስፈልጋል? ሲያድግ አይማረውም?

ልጅ ፍትሕን ለማወቅ እስኪያድግ አይጠብቅም። ዳቦ ሲቆረስ ወንድሙ የበለጠ ከደረሰው ያውቃል፣ ያለቅሳልም። የሚጎድለው ያንን ስሜት ከራሱ ሆድ አውጥቶ ለሌላ ሰው ማሰብ ነው። ተረት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ አባቱ ላይ ወይም አስተማሪው ላይ ሊፈርድ የማይደፍር ልጅ በአንበሳ ላይ ሳይፈራ ይፈርዳል።

ደግሞም ይህ ከውጭ የመጣ ትምህርት አይደለም። ሰው «በሕግ አምላክ!» ሲባል የሚቆምበት፣ «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» የሚባልበት አገር ነው። አያቶቻችን ከበቅሎው ይልቅ ያለ ዳኝነት የተወሰደው ጭብጦ እንዳንገበገባቸው በአንድ መስመር ነግረውናል።

አህያ ከአውሬዎች ጋር የተናዘዘችበት ተረት ትምህርቱ ምንድን ነው?

ተረቱን ለማያውቁ ባጭሩ፦ ድርቅ ሆነና አንበሳ፣ ነብር፣ ጅብና አህያ ተሰበሰቡ። «ዝናብ የጠፋው ከመካከላችን ኃጢአት የሠራ ቢኖር ነው፤ ሁላችንም እንናዘዝ» ተባባሉ። አንበሳ ከመንደር ዳር ኮርማ ሰብሮ መብላቱን ተናገረ። «ይህ ምን ኃጢአት አለው!» አሉት። ነብር ፍየል፣ ጅብ ዶሮ መብላታቸውን ተናዘዙ፤ ለእነሱም እንዲሁ ተባለላቸው። በመጨረሻ አህያ፣ «ጌታዬ ጭኖኝ ሲሄድ ከወዳጁ ጋር ቆሞ ወሬ ያዘ፤ እኔም ከመንገዱ ዳር ጥቂት ሣር ነጨሁ» አለች። «የመከራችን ሁሉ ምንጭ አንቺ ነሽ!» ብለው በሏት።

ብዙ ሰው «ደካማ ምንጊዜም ጥፋተኛ ነው» ብሎ ይዘጋዋል። እኔ እዚያ ላይ ማቆም ተረቱን በግማሹ መተው ይመስለኛል። ደንቡን ልብ ይበሉት፦ «ሁሉም ይናዘዝ» ይላል፣ ማንንም አይለይም፣ ሁሉም ተናዝዟል። በወረቀት ላይ ቢጻፍ እንከን አይወጣለትም። የተበላሸው ዳኝነቱ ነው፤ ዳኞቹ እርስ በርስ ባለውለታዎች ናቸው፣ በዚያ ላይ ርቧቸዋል። ክፉ ሕግና ደህና ሕግ በክፉ እጅ ሲገባ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ልጅ ከዚህ ተረት ማየት ይችላል።

ተረቱን ጨርሰው «በጉባኤው ላይ ያልነበረው ማነው?» ብለው ይጠይቁ። ላም፣ በግ፣ ፍየል እያሉ መቁጠር ይጀምራሉ። ሣር የሚበላ ዳኛ አንድም እንዳልነበረ ራሳቸው ይደርሱበታል።

አንበሳ ጅቡን ገድሎ ቀበሮ ሙሉውን ሥጋ ለአንበሳ የሰጠችበት ተረትስ? ልጄን አጎብዳጅ አያደርገውም?

አንበሳ ሥጋውን ያካፈለውን ጅብ በክፍፍሉ ተቆጥቶ ከገደለው በኋላ፣ ቀበሮዋ «ይህን ክፍፍል ማን አስተማረሽ?» ስትባል የጅቡን ሬሳ የምታሳይበት ተረት ማለትዎ ነው። በብልጠቷ ላይ ተስቆ ካለቀ አዎ፣ መጥፎ ትምህርት ይተዋል። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» እና «እንደ ንጉሡ አጎንብሱ» የሚሉትም ከዚያው ጎራ ናቸው። ሆኖም አይደብቋቸው። ሰዎች ምን ችለው እንደኖሩ የሚመሰክሩ ናቸውና እንደ ምስክርነት ይንገሯቸው። ከዚያ «በትክክል ያካፈለው ማን ነበር?» ብለው ይጠይቁ። ጅቡ ነበር። በተረቶቻችን እምብዛም የማይመሰገነው ጅብ እዚህ ላይ ትክክለኛ ነበር።

ሠለስቱ ደቂቅ ንጉሡን እምቢ ያሉት ለሃይማኖታቸው ነው። ከሕግ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ለጣዖቱ መስገድ እኮ በዐዋጅ የወጣ ትእዛዝ ነበር፤ ቅጣቱም አብሮ ተነግሯል። አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል የጣሱት የመንግሥት ሕግ ነው። በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 የቅዱስ ገብርኤል ዕለት ታሪካቸው ሲነገር ልጆች ልባቸው የሚሄደው ወደ እሳቱና ወደ መልአኩ ነው፤ ደግሞ ማን ይፈርድባቸዋል። ክብደቱ ያለው ግን ከእሳቱ በፊት በተናገሩት ቃል ላይ ነው፦ አምላካችን ሊያድነን ይችላል፤ ባያድነንም እንኳ አንሰግድም ብለዋል። «ባያድነንም» የሚለውን ይድገሙላቸው። እምቢታው የቆመው ውጤቱ ሳይታወቅ ነው።

ይህ ታሪክ ሩቅ ተጉዟል። ማርቲን ሉተር ኪንግ በ1963 (እ.ኤ.አ.) በአላባማ ክፍለ ግዛት በበርሚንግሃም እስር ቤት ሆኖ ለስምንት የሃይማኖት አባቶች በጻፈው ደብዳቤ፣ ፍትሕ ለጎደለው ሕግ አለመታዘዝ አዲስ ነገር እንዳልሆነ ለማስረዳት የጠቀሰው እነዚህኑ ሦስቱን ወጣቶች ነው። በዚያው ደብዳቤ የሕጉን ሁለት መልክ ለይቷል። ራሱ የታሰረው ያለ ፈቃድ ሰልፍ ወጥተሃል ተብሎ ነበር። ለሰልፍ ፈቃድ መጠየቅ በራሱ ክፋት የለበትም፤ ጥቁሮችን ዝም ለማሰኘት ሲውል ግን ፍትሕ ይጎድለዋል አለ። የአህያዋ ጉባኤ ማለት ይኸው ነው።

በእስልምና በኩል ለልጆች የሚነገር ተመሳሳይ ታሪክ አለ?

አለ፣ ያውም በእኛው ምድር የሆነ። በ615 (እ.ኤ.አ.) አካባቢ ከመካ ግፍ የሸሹ የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች ወደ ሐበሻ ተሰደዱ። ቁረይሾች እነ አምር ኢብኑል ዓስን ስጦታ አስይዘው ላኩ። መልእክተኞቹ መጀመሪያ ያመሩት ወደ ንጉሡ ሳይሆን በዙሪያው ወዳሉት መኳንንት ነበር፤ ስጦታውን አቀበሏቸውና ንጉሡ ስደተኞቹን ሳያናግር እንዲያስረክባቸው ምከሩልን አሏቸው። ነጃሺ ግን ቃላቸውን ሳልሰማ አሳልፌ አልሰጥም አለ። ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ ቀርቦ ተናገረ፤ ከሱረቱ መርየምም አነበበ። ስጦታው ተመለሰ፣ ስደተኞቹም በሰላም ተቀመጡ።

ልጆች ስለ ደግነቱ ይሰማሉ። እኔ ደግሞ ስለ አሠራሩ ቢነገራቸው ደስ ይለኛል፦ መማለጃውን አልተቀበለም፣ የሁለቱንም ወገን ቃል ሰማ፣ ከዚያ በኋላ ፈረደ።

ቅዱሳት መጻሕፍት ለሹማምንት ታዘዙ ይሉ የለም እንዴ?

ይላሉ። ሮሜ ምዕራፍ 13 ነፍስ ሁሉ በበላይ ላሉ ባለሥልጣኖች ይገዛ ይላል። ሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 5 ላይ ደግሞ ሐዋርያቱ እንዳያስተምሩ ሲታዘዙ፣ ከሰው ይልቅ ለእግዚአብሔር ልንታዘዝ ይገባናል ብለው መለሱ። በእስልምናም ፈጣሪን በሚያሳምፅ ነገር ለፍጡር መታዘዝ እንደሌለ የሚናገር ሐዲስ አለ። ሁለቱን አንድ ላይ ስናነብ ደንቡ መታዘዝ ነው፤ አለመታዘዝ ግን ልዩ ምክንያት የሚጠይቅ ነገር ይሆናል። ማስረጃ የማቅረብ ሸክም የሚወድቀው እምቢ ባዩ ላይ ነው።

ልጄ እነዚህን ታሪኮች ሰምታ «የአንቺም ሕግ ፍትሕ የለውም» ማለት ጀምራለች። ምን ላድርግ?

ደስ ይበልዎት፤ ሰምታለች ማለት ነው። ከዚያ የትኛው ሕግ እንደሆነና ማንን እንደሚጎዳ ይጠይቋት። «በሦስት ሰዓት መተኛት» ቢሆን ምክንያቱን ይንገሯትና ይጽና። «ወንድሜ ኳስ ሲጫወት እኔ ብቻ ዕቃ አጥባለሁ» ካለች ግን ነገሩን ቁም ነገር አድርገው ይስሙ፤ እውነቷን ሊሆን ይችላል። እውነቷን ከሆነ ሕጉን በፊቷ ይለውጡት። በቤቷ ሕግ በንግግር ሲለወጥ ያየች ልጅ አቤቱታ የት እንደሚቀርብ ትማራለች።

ዳንኤልንም ይንገሯት። የንጉሡን ምግብ ላለመብላት ሲወስን ሰሐኑን አልወረወረም። የበላዩን ለመነ፤ «አሥር ቀን ፈትነን፣ ጥራጥሬና ውኃ ይሰጠን፣ ከዚያ ፊታችንን እይ» ብሎ ሐሳብ አቀረበ።

አዋላጆቹ ሲፓራና ፉሐ ፈርዖንን ዋሽተውታል። ልጅን «ውሸት ይፈቀዳል» እያልን አይደለም ወይ?

በዘጸአት ምዕራፍ 1 ፈርዖን ወንድ የሆነውን የዕብራውያን ሕፃን ሁሉ እንዲገድሉ ሁለቱን አዋላጆች አዘዛቸው፤ አልገደሉም። ሲጠየቁም የዕብራውያን ሴቶች ብርቱ ስለሆኑ አዋላጅ ሳይደርስ ይወልዳሉ ብለው መለሱ። መጽሐፉ እግዚአብሔር መልካም እንዳደረገላቸው ይናገራል፤ የሚያመሰግናቸው ግን እግዚአብሔርን ስለ ፈሩና ሕፃናቱን ስላዳኑ ነው። በውሸቱ ጉዳይ ላይ የሃይማኖት መምህራን ከጥንት ጀምሮ ተከራክረዋል፤ አውግስጢኖስ ለምሕረታቸው እንጂ ለውሸታቸው አልተሸለሙም ብሏል።

ለልጅ የሚበቃው እንዲህ ይመስለኛል፦ እውነት የሚነገረው ለሰው ሕይወት ሲባል ነው፤ ገዳይ «የት ተደበቀ?» ብሎ ቢጠይቅ መልስ የማግኘት መብት የለውም። ይህንና ከቅጣት ለማምለጥ የሚነገረውን ውሸት ልጆች አያምታቱትም። ካምታቱት ደግሞ «አዋላጆቹ የዋሹት ለማን ሲሉ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ለራሳቸው ቢሆን ኖሮ መታዘዝ ይቀላቸው ነበር።

አሜሪካ የሚማሩ ልጆቼ ስለ ሮዛ ፓርክስ «ደክሟት ስለነበር አልነሳም አለች» ብለው መጡ። እውነት ነው?

ይህ ታሪኩን የሚያሳንስ አነጋገር ነው። በታኅሣሥ 1 ቀን 1955 (እ.ኤ.አ.) በሞንትጎመሪ ከተማ አውቶቡስ ውስጥ ሹፌሩ አራት ጥቁር ተሳፋሪዎች ለአንድ ነጭ ሰው ወንበር እንዲለቁ ሲያዝ ሦስቱ ተነሡ፤ ሮዛ ፓርክስ ግን አልተነሣችም። የ42 ዓመት ሴት ነበረች፤ ለጥቁሮች መብት በሚሟገተው ማኅበር የከተማው ቅርንጫፍ ውስጥ ለዓመታት በጸሐፊነት ሠርታለች፤ በዚያው ዓመት በጋ በመብት ትግል ላይ ሥልጠና ወስዳለች። ኋላ ራሷ የደከመኝ እጅ መስጠት ብቻ ነበር ብላለች። ከዘጠኝ ወር በፊት ክላውዴት ኮልቪን የምትባል የ15 ዓመት ልጅ እንዲሁ አልነሣም ብላ ተይዛለች። ስሟ በልጆች መጻሕፍት ብዙም አይነሣም።

ከዚያ በኋላ የሆነውም ሊነገር ይገባዋል። የከተማዋ ጥቁሮች ለ381 ቀናት አውቶቡስ ሳይሳፈሩ በእግር ሄዱ፣ መኪና ያለው የሌለውን እየጫነ ሥራ አደረሰ። በአውቶቡስ ጥቁርና ነጭን የሚለየውን ሕግ ያፈረሰው ደግሞ ኮልቪንን ጨምሮ አራት ሴቶች ከሳሽ የሆኑበት ሌላ መዝገብ ነው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1956 አጸናው። ሮዛ ፓርክስ ሥራዋን አጣች፣ በ1957 ከተማውን ለቅቃ ወደ ዲትሮይት ሄደች። «ደክሟት ነው» ብለን ስንነግር ልጁ ፍትሕ በአንድ ጀግና በአንድ ማታ የሚመጣ ይመስለዋል። ዝግጅቱን፣ እግረኛውን፣ ጠበቃውንና የተከፈለውን ዋጋ ካልነገርነው ሲያድግ በመጀመሪያው ቀን ካልተሳካ ተስፋ ይቆርጣል።

በኢትዮጵያስ ፍትሕ የጎደለው ሕግ በሕጋዊ መንገድ የተለወጠበት ጊዜ አለ?

አለ። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠለፋን ቢከለክልም፣ የተጠለፈችው ሴት በፈቃዷ ከጠላፊው ጋር ሕጋዊ ጋብቻ ከፈጸመች ክስ አይቀርብበትም ይል ነበር። «በፈቃዷ» የሚለው ቃል በመንደር ምን ይመስል እንደነበር ያስቡት፦ ልጅቷ ውኃ ልትቀዳ ወይም ከትምህርት ቤት ስትመለስ ትያዛለች፣ ትደፈራለች፣ ከዚያ ሽማግሌ ይላካል፣ ካሳ ይቆረጣል፣ «ከእንግዲህ ማን ያገባታል?» ይባልና ፈቃዷ ይጠየቃል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም የሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜ 15፣ የወንድ 18 ነበር።

የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን የመሳሰሉ ወገኖች ለተበደሉ ሴቶች ጥብቅና እየቆሙ፣ ሕጉ እንዲሻሻል እየወተወቱ ነገሩን ገፉት። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለሁለቱም 18 አደረገ፤ ክልሎች የራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ የማውጣት ሥልጣን ስላላቸው ለውጡ በሁሉም ቦታ በአንድ ቀን አልመጣም። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ደግሞ ጠላፊን ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል፤ ኋላ ጋብቻ መፈጸሙም ከቅጣት አያድነውም።

ተረት ነጋሪዎች እዚህ ላይ ድርሻ አለብን። ጠላፊውን ጎበዝ፣ ልጅቷን ዕቃ አድርጎ የሚያወራ ጨዋታ ያ ሕግ ለረጅም ጊዜ ማንንም ሳያስደነግጥ እንዲኖር ረድቶታል። ሕጉ ከተለወጠ ወዲህም ጨዋታው አልተለወጠም። ከቤታችን ማውጣት የእኛ ሥራ ነው።

ሁሉም እየተነሣ «ይህ ሕግ ፍትሕ የለውም» ካለ አገር ይፈርሳል። ማን ነው የሚወስነው?

ጥያቄው ከባድ ነው፤ በቡድን ተደራጅቶ የሰው ቤት የሚያቃጥልም «ለፍትሕ ነው» ይላል። የእያንዳንዱ ሰው ሕሊና የመጨረሻ ዳኛ ነው ብሎ መተው አይቻልም፤ ሕሊናም ይሳሳታል። ታሪኮቹን ጎን ለጎን ስናያቸው ግን አንድ የሚጋሩት መልክ አላቸው። ንግሥት አስቴር ሕዝቧን ለማዳን ያለ ሕግ ወደ ንጉሡ ከመግባቷ በፊት ሦስት ቀን ጾማለች፣ ሕዝቡንም አስጾማለች፤ ብጠፋም እጠፋለሁ ብላ ገባች። ዋጋው የወደቀው በራሷ አንገት ላይ ነው። ሠለስቱ ደቂቅ ማንንም አላቃጠሉም፤ እነሱ ናቸው ወደ እሳት የተጣሉት። ኪንግም ፍትሕ የጎደለውን ሕግ የሚጥስ ሰው በግልጽ፣ በፍቅርና ቅጣቱን ለመቀበል ተዘጋጅቶ መሆን አለበት ብሏል። ዋጋውን ሌላ ሰው ላይ የሚጥል እምቢታ በእኔ ዓይን ከዚህ ወገን አይደለም።

አዋላጆቹ ግን በስውር ነበር የሠሩት። ይህ ልዩነት መስተዋል አለበት፦ ሕጉን ማስለወጥ የሚፈልግ ሰው በአደባባይ ይጥሰዋል፤ ዛሬ ማታ የሚገደል ሕፃን ያለበት ሰው ግን አደባባይ ቢወጣ ሕፃኑን ያስገድላል። ቢያዙ ይቀጡ እንደነበር አዋላጆቹም ያውቃሉ።

ዳንኤል ከአንበሶቹ ከዳነ በኋላ የከሳሾቹ ሚስቶችና ልጆች ጭምር ወደ ጉድጓዱ ተጣሉ። ልጄ «ልጆቹ ምን አጠፉ?» አለኝ። ምን ልበለው?

ምንም አላጠፉም ይበሉት። ይህን ጥያቄ የጠየቀ ልጅ ታሪኩን ከብዙ አዋቂዎች በላይ ሰምቶታል። ከዚያ ምዕራፍ 6ን አብረው መለስ ብለው ያንብቡ። ዳርዮስ በመጀመሪያ ሹማምንቱ ያቀረቡለትን ዐዋጅ ሳይመረምር ፈረመ፤ የሜዶንና የፋርስ ሕግ አይለወጥምና የሚወደውን ሰው ማዳን አቃተው፤ ፀሐይ እስክትገባ ሲጥር ዋለ፣ ሌሊቱንም አልተኛም። ጠዋት ላይ ደግሞ ያንኑ ስህተት በሌላ መልክ ሠራው፦ ማንንም ሳይሰማ፣ ጥፋተኛና ንጹሕ ሳይለይ አዘዘ። በመጽሐፉ ትእዛዙ የንጉሡ ነው፤ እግዚአብሔር አዘዘ አይልም። ያው መጽሐፍ ቅዱስ በዘዳግም 24፥16 ላይ አባቶች ስለ ልጆች፣ ልጆችም ስለ አባቶች አይገደሉ ይላል። ልጁ የጠየቀው ጥያቄ በኦሪት ሕግ ተጽፎ ይገኛል ማለት ነው።

«አንተ ንጉሡን ብትሆን ምን ትፈርድ ነበር?» ብለው ይጠይቁትና መልሱን ሳያቋርጡ ይስሙት። በጣም ለትንንሾቹ ግን ታሪኩን ዳንኤል ከጉድጓዱ በወጣበት ላይ ቢያቆሙት ነውር የለውም። ማንበብ ሲጀምሩ ቀሪውን ራሳቸው ያገኙታል፤ ያን ጊዜ ጥያቄውን ይዘው ሲመጡ ጊዜ ሰጥተው ይቀመጡላቸው።